ፈንገስ በዐይንና በዐይን ዙሪያ፦ የት እንዳለ መለየትና ማከም

ዐይን አካባቢ የሚወጣ ፈንገስ ሁሉ እኩል አያስቸኩልም። ቆቡ ላይ የወጣ ጭርት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ጉዳቱ ማሳከክና መስፋት ነው። ብሌን (የዐይኑ ጥርት ያለ የፊት መስኮት) ላይ ያረፈ ሻጋታ በዚያው ሁለት ሳምንት ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ከአፍንጫ ጓዳ ተነሥቶ ወደ ዐይን ጀርባ የዘለቀው ደግሞ በሰዓት የሚቆጠር ነው። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ፈንገሱ የት እንደተቀመጠ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ የምንሄደውም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ከቆዳው ወደ ቆቡ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ብሌኑ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዐይን ጀርባና ውስጥ።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም ሆነ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዐይን አካባቢ አያድርጉ። መቅላቱንና ማሳከኩን በአንድ ሁለት ቀን ስለሚያበርደው የተሻለ ይመስላል፤ ያበረደው ግን ሰውነት ፈንገሱን የሚመክትበትን ኃይል ነው፣ ፈንገሱም ከሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሰው ስቴሮይድ መያዙን አያውቅም። ቱቦው ላይ «ለፈንገስ» ወይም «ለዐይን መቅላት» ተብሎ የሚሸጥ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንንሾቹን ጽሑፎች ያንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ትራያምሲኖሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ፍሎሮሜቶሎን የሚል ካገኙ ስቴሮይድ አለበት። ቆብ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዐይን ግፊትን ከፍ የማድረግና የዐይን ሞራ የማምጣት ጠባይም አለው።

መስታወት ፊት አምስት ደቂቃ

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ኮንታክት ሌንስ ካደረጉ ያውልቁት፤ ከነማስቀመጫውና ከነፈሳሹ ያቆዩት እንጂ አይጣሉት፤ ላቦራቶሪ ሊፈልገው ይችላል። ከዚያ መጀመሪያ የሚታየው ቆዳው ሳይሆን እይታው ነው። አንዱን ዐይን ሳይጫኑ በመዳፍ ይሸፍኑና ራቅ ያለ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከዚያ ሌላውን ይሸፍኑ። ሁለቱም ዐይን ተከፍቶ እያለ ጤነኛው የታመመውን ስለሚሸፍንለት የአንዱ እይታ መቀነሱ ለቀናት ሳይታወቅ ይቀራል።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ከጎን በኩል አድርገው የዐይኑን ጥቁር ክፍል ይመልከቱ። ከላዩ ያለው ጥርት ያለ መስኮት ብሌን (ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት) ነው። የሰናፍጭ ፍሬ እንኳ የሚያህል ነጭ ወይም ግራጫ ነጥብ ሊኖርበት አይገባም። ከዚያ የሽፋሽፍቱን ሥር ይመልከቱ፤ ቅርፊት ወይም የተሰበረ ጸጉር አለ? ቀጥሎ ቆዳውን። በመጨረሻም ሁለቱን ዐይኖች ያወዳድሩ፤ አንዱ ወደ ውጭ ገፍቷል? ቆቡ ወድቋል? ጣት ሲከተሉ ሁለት ሆኖ ይታያል?

ሕመም፣ ብርሃን መጥላት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ብሌን ላይ ነጥብ፣ የዐይን መግፋት ወይም ለሁለት ማየት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጥሎ ያለውን የቆዳ ክፍል ይዝለሉትና በዚያው ቀን የዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ዐይኑ ከገፋ ወይም ለሁለት ካዩ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል። ከሌለና ያለው ማሳከክ፣ መቅላትና መላጥ ብቻ ከሆነ ጊዜ አለዎት።

ቆዳው ላይ ያለው

ጭርት የሚታወቀው ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎና እየተላጠ፣ መሃሉ እየጠራ ሲሄድ ነው። ዐይን አጠገብ ግን ክቡ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ከቅንድብ ጀምሮ ወደ ቆቡ የሚወርድ የቀስት ቅርጽ ወይም ደብዘዝ ያለ የተላጠ ቀይ መደብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሌሎች በሽታዎች ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው የአንድ ወገን መሆኑ ነው። ሁለቱም ቆቦች እኩል አብጠው የሚያሳክኩ ከሆነ አለርጂ ይበልጥ ይጠረጠራል፤ የጥፍር ቀለም፣ የጸጉር ቀለም፣ መዋቢያ፣ አንዳንዴም ዐይን ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ራሱ። የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ካለበት ባክቴሪያ ነው የሚታሰበው። በግንባሩ አንድ ወገን ላይ ብቻ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከሚያቃጥል ሕመም ጋር ከመጡ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ በተለይ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከደረሰ ዐይኑን የመንካት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ምንጩንም ይፈልጉ። ፊት ላይ ያለ ጭርት ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከራስዎ የእግር ጣቶች መሃል፣ ከብሽሽት፣ ቆረቆር ካለበት ልጅ ወይም ጸጉሯ ከሚረግፍ ድመት። ምንጩ ካልታከመ ቆቡ ቢድንም ከወር በኋላ ይመለሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሚላጠው ጠርዝ ላይ በደነዘዘ ምላጭ ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ርሶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቅርፊቱ ከመሃል ከተወሰደ ወይም ሰውየው ቀድሞ የፈንገስ ቅባት ሲቀባ ከቆየ ፈንገሱ እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ስቴሮይድ የተቀባ ጭርት ደግሞ መልኩን ይለውጣል፤ ጠርዙ ይጠፋል፣ መላጡ ይቀንሳል፣ ጭርት መሆኑም ይረሳል። ቅባቱ በቆመ ቁጥር እየባሰ የሚመለስ «አለርጂ» ካለ ይህን ይጠርጥሩ።

ለአካባቢው ቆዳ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ማይኮናዞል 2 በመቶ ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም ተርቢናፊን 1 በመቶ በቀን አንድ ጊዜ ይሆናል። ክሬም ይምረጡ፤ ፈሳሹና የሚረጨው ወደ ዐይን ይገባል። ፊቱን በለብታ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ክሬም ጫፉ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ወስደው፣ ዐይኑን ጨፍነው፣ ከሚታየው ጠርዝ ውጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ የሚመስለውንም ቆዳ ጨምረው በስሱ ይቀቡ። ወደ ሽፋሽፍቱ ሥር አይጠጉ። ክሬሙ እስኪሰርግ ጥቂት ደቂቃ ዐይኑን ጨፍነው ይቆዩ፤ ልክ ከመተኛት በፊት ከተቀባ ትራስ እያሸው ወደ ዐይን ይገባልና ግማሽ ሰዓት ቀደም ያድርጉት። ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ። ማቃጠሉ ከዚያ በኋላ ካልቀነሰ ይታዩ።

ክሎትሪማዞልና ማይኮናዞል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባሉ፤ ቆዳው ከጠራ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል። ተርቢናፊን አጠር ያለ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሳከኩ በቆመበት ቀን ቱቦውን ሲያስቀምጥ ነው። ማሳከኩ የሚቆመው ፈንገሱ ሲቀንስ ነው፣ ሲያልቅ አይደለም።

ጭርቱ ወደ ቆቡ ጠርዝ ከተሻገረ ወይም ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ እየተሰበሩ ከሆነ ክሬም አይበቃም፤ ፈንገሱ ወደ ጸጉሩ ሥር ስለሚወርድ ክሬሙ አይደርስበትም። ያን ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ይሰጣል። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። የኪቶኮናዞል እንክብል ከመደርደሪያ ሊያገኙ ይችላሉ፤ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የአውሮፓና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ አስጠንቅቀዋልና ይተዉት። ሻምፖውና ክሬሙ ግን ይህ ችግር የለባቸውም።

ቤንዞይክ አሲድና ሳሊሲሊክ አሲድ የተቀላቀለበት አሮጌው የጭርት ቅባት ለእግርና ለጀርባ እንጂ ለፊት አይሆንም፤ የቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስስ ነው፣ ይልጠዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና በረኪናም እንዲሁ። የአንዳንድ ሰውን ዐይን የዘጋው እብጠት ጭርቱ ሳይሆን የቀባው ነገር ያመጣው ነው።

ስለ ቋቁቻ ብዙ አንልም። ፊት ላይ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ ወይም ጠቆር ያለ፣ ሲፋቅ ብናኝ የሚያወጣ መደብ ነው፤ የሚያመጣው ቆዳ ላይ ሁልጊዜ የሚኖር እርሾ ነው። በክሬም ይድናል፤ የቆዳው ቀለም ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ወራት ይፈጃል። ይህን ባለማወቅ የዳነን ቋቁቻ ደጋግሞ የሚያክም ሰው አለ።

የቆቡ ጠርዝ

ጠዋት ሽፋሽፍት ላይ ቅባታማ ቅርፊት፣ ቀኑን ሙሉ የአሸዋ ዓይነት መቆርቆር፣ ቅንድብና የአፍንጫ ጎን ላይም ተመሳሳይ መላጥ ካለ ከራስ ቅል ፎረፎር ጋር አንድ በሽታ ነው፤ ማላሴዚያ የተባለው እርሾም ድርሻ አለበት። ዐይኑን ብቻ ማከም አያዋጣም። ለጭንቅላቱ የ2 በመቶ ኪቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠቀሙ፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተው ዐይን ጨፍነው ይለቃለቁ።

ለጠርዙ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ5 እስከ 10 ደቂቃ የተጨፈነ ዐይን ላይ ያድርጉ፤ ጨርቁ ሲቀዘቅዝ መልሰው ይንከሩት። ሙቀቱን አስቀድመው በእጅ አንጓ ይለኩ። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጨምረው፣ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት የሽፋሽፍቱን ሥር ወደ ጎን እየሄዱ በስሱ ይጥረጉ። ለእያንዳንዱ ዐይን አዲስ ጥጥ። ይህ የሚያድን ሳይሆን የሚቆጣጠር ሕክምና ነው፤ ሲተዉት ይመለሳል።

በነገራችን ላይ፣ ከአፍንጫው ወገን ያለው የቆብ ጥግ ብቻ ቀልቶ ሲጫኑት መግልና ቢጫ ፍርፋሪ የሚያወጣ ከሆነ የእንባ ቱቦው ነው የታመመው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አክቲኖማይሲስ ሲሆን ስሙም መልኩም ፈንገስ አስመስሎት ለረጅም ዘመን እንደ ፈንገስ ይቆጠር ነበር፤ ባክቴሪያ ነው። የፈንገስ ጠብታ አይነካውም፤ ሐኪሙ ፍርፋሪውን ማውጣት አለበት።

ብሌኑ፦ ጊዜ የማይሰጠው

የብሌን ውጫዊ ሽፋን ሳይቧጠጥ ፈንገስ አይገባም ማለት ይቻላል። ጭረቱን የሚያመጣው ቅጠል፣ ገለባ፣ ቅርንጫፍ፣ እሾህ ወይም አፈር ሲሆን ሻጋታውን ይዞ የሚገባውም ያው ነገር ነው። ሁለተኛው መንገድ ኮንታክት ሌንስ ነው። ሦስተኛው ለቆየ የዐይን ሕመም ሲደረግ የኖረ ስቴሮይድ ጠብታ። ሞቃትና ርጥብ በሆኑ አገሮች ፉዛሪየምና አስፐርጂለስ የተባሉት ሻጋታዎች ያመዝናሉ፤ ቀድሞ በታመመ ብሌን ላይ ደግሞ ካንዲዳ የተባለው እርሾ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ይያዛል፤ ከ10 ሰው ገደማ የአንዱ ዐይን እስከመውጣት ይደርሳል።

ዐይንን ቅጠል ወይም ገለባ ሲመታው መጀመሪያ አይሹ። እጅ ይታጠቡ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫው ጥግ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ለ10 እስከ 15 ደቂቃ ያጥቡ። የተሰካ ነገር ካለ አይንቀሉ፤ ዐይኑን በማይነካ ጎድጓዳ ነገር፣ ለምሳሌ በወረቀት ኩባያ ከልለው ይሂዱ። ካልተሰካ ዐይኑን በጥጥና በፕላስተር አያሽጉ፤ ሙቀትና ርጥበት ለሻጋታ ይመቻል፣ ከሥሩ የሚሆነውም አይታይም። የቅጠል ጭማቂ፣ ማር፣ የጡት ወተት፣ ምራቅ፤ ምንም አይጨምሩ። በተቧጠጠ ብሌን ላይ ሁሉም አዲስ ጀርም ማስገቢያ ናቸው።

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይታዩ። ሐኪሙ ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ ቀለም አድርጎ ጭረቱን ይለካል። ለንጹሕ ጭረት ክሎራምፌኒኮል 1 በመቶ ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ባክቴሪያን ይከላከላል፣ ሻጋታን አይገድልም። ስለዚህ ዐይኑ ከዚያ በኋላ ከባሰ ቱቦውን መድገም ጊዜ ማጥፋት ነው። ሕመም የሚያደነዝዝ ጠብታ (ቴትራካይን የመሰለ) ምርመራ ላይ ስላስደሰተዎ ወደ ቤት አይውሰዱ። ሕመሙን ያጠፋል፤ ሽፋኑ እንዳይገጥም ግን ያግዳል፣ በተደጋጋሚ ሲደረግም ብሌኑ ይሟሟል።

ብዙ ዐይን የሚጠፋው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ጊዜ ነው። ባክቴሪያ ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ይታወቃል። ሻጋታ ዝግተኛ ነው። ጭረቱ የዳነ መስሎ፣ ከአምስት ቀን፣ ከአሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መቆርቆር፣ እንባና ብርሃን መጥላት ይመለሳል። ሰውየው ቅጠሉን ረስቶታል፤ መድኃኒት ቤት ሄዶ «ዐይኔ ቀላ» ይላል፤ የሚሰጠውም አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ጠብታ ሊሆን ይችላል። ከተመታ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ከላይ ያለውን የመስታወት ምርመራ ይድገሙ፤ የተመታበትንም ቀን ይጻፉ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የተጠቀሙበትን ጠብታና ቅባት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ምን እንደመታዎና መቼ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ። ሻጋታ የያዘው ቁስል ጠርዙ እንደ ላባ የተበተነ፣ ላዩ ደረቅና ከፍ ያለ፣ በዙሪያው ትንንሽ ነጥቦች ያሉበት ሊሆን ይችላል፤ ከብሌኑ ጀርባ ነጭ መግል ሊተኛም ይችላል። ያም ሆኖ በዐይን አይቶ ከባክቴሪያ መለየት ልምድ ያለውንም ሐኪም ያሳስታል። ስለዚህ አዲስ ጠብታ ከመጀመሩ በፊት ከቁስሉ ጠርዝና ከሥሩ ተፍቆ ናሙና ይወሰዳል። በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ግራም በሚባለው ቀለም የሚታየው በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ሳቡሮ በሚባለው ማብቀያ ላይ የሚዘራው ግን እስከ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊጠበቅ ይገባል። «በሁለት ቀን አልበቀለም» ማለት ፈንገስ የለም ማለት አይደለም። ናሙና ይወሰድ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለሻጋታ መጀመሪያ የሚመረጠው ናታማይሲን 5 በመቶ ጠብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትልቅ ንጽጽር፣ በተለይ ለፉዛሪየም፣ ከቮሪኮናዞል ጠብታ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ለካንዲዳ መድኃኒት ቤት የሚቀምመው አምፎተሪሲን ቢ 0.15 በመቶ ይሰጣል፤ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ከብርሃን ተጠብቆ ይቀመጣል። ናታማይሲን ወደ ጥልቀት ስለማይዘልቅ ቁስሉ ከጠለቀ ሐኪሙ የሚዋጥ ወይም ብሌኑ ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ይጨምራል።

መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ አንድ ጠብታ ነው፤ ሐኪሙ ሌሊቱንም ካዘዘ ሌሊቱንም፣ በማንቂያ ደወል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ በሐኪሙ ውሳኔ ወደ 6 ወይም 8 ጊዜ ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ከ3 ሳምንት እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሒሳቡን አስቀድመው ያስቡት። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ገደማ ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 100 ጠብታ፤ በቀን 24 ጠብታ ከሆነ አራት ቀን ብቻ ይዘልቃል፣ ከጎን የሚፈሰው ሳይታሰብ። ቅዳሜ ማታ ጠርሙስ ማለቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለተኛውን መጀመሪያውን ሲገዙ ይግዙ።

አጨማመሩም ልክ አለው። ናታማይሲን ዱቄቱ ከሥር የሚዘቅጥ መድኃኒት ስለሆነ በእያንዳንዱ ጊዜ በደንብ ይነቅንቁት፤ ካልነቀነቁት መጀመሪያ የሚጨምሩት ውሃውን ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጭቃው። እጅ ይታጠቡ፣ ቀና ይበሉ፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስበው ኪስ ያበጁ፣ አንድ ጠብታ ብቻ ያንጠባጥቡ። ኪሱ የሚይዘው ከአንድ ያነሰ ስለሆነ ሁለተኛው የሚያወጣው የመጀመሪያውን ነው። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት አይንካ። ዐይኑን ሳይጨምቁ ጨፍነው የአፍንጫውን ወገን ጥግ በጣት ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ይጫኑ። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅባት ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ቁስሉ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎ ቢያዩ መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ፍቀው አያንሱት። ከሙቀት፣ ከመኪና ውስጥና ከመስኮት ዳር ያርቁት፤ በረዶ እስኪሆንም አይቀዝቅዝ።

መሻሉ እንዴት ይታወቃል? እይታን አይጠብቁ፣ የመጨረሻው የሚመለሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ይቀንሳል፤ የቁስሉ ጠርዝ ላባነቱን ትቶ ክብ ይሆናል፤ ነጥቡ መስፋቱን ያቆማል። ቢያንስ በየሁለት ሦስት ቀኑ መታየት ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ያታልላል። ሲያም የቆየው ዐይን በድንገት ሙቅ ውሃ አፍስሶ ሕመሙ ከቀለለ ብሌኑ ተበስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይጨምሩ፣ ሳይጫኑ፣ ከልለው ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ መቅረቱ የተለመደ ነው። ጠባሳውን የሚያጠፋ ጠብታ የለም፤ መሃል ላይ ሆኖ እይታን ከጋረደ ዐይኑ ጸጥ ካለ በኋላ የብሌን ንቅለ ተከላ ይታሰባል።

ኮንታክት ሌንስ ለሚያደርጉ

እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ፉዛሪየም ከያዛቸው ሰዎች ጋር ተያይዞ ከዓለም ገበያ ወጥቷል። ጥፋቱ የፈሳሹ ብቻ አልነበረም፤ ትላንት በማስቀመጫው በቀረው ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር አደጋውን እንደሚያባብሰው ያኔ ታይቷል። ማስቀመጫውን በየቀኑ ባዶ ያድርጉ፣ በአዲስ ፈሳሽ (በቧንቧ ውሃ አይደለም) ያጥቡት፣ አፉን ገልብጠው አየር ላይ ያድርቁት፣ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይለውጡት። ሌንስ አድርገው አይተኙ፣ አይዋኙ። ዐይን በቀላ ቀን ሌንስ የለም።

ከዐይን ጀርባና ከውስጥ

ሙኮርማይኮሲስ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕንድ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ በብዙ ሺህ ሰው ላይ የወጣውና «ጥቁር ፈንገስ» የተባለው ነው። ጥቁሩ ፈንገሱ አይደለም፤ የደም ሥሩ ተደፍኖበት የሞተው ሥጋ ነው። የሚይዘው ከሁሉ በላይ ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣውን፣ በተለይም በደሙ ውስጥ አሲድ የበዛበትን የስኳር ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ብዙ ስቴሮይድ የሚወስደውንና የአካል ንቅለ ተከላ ወይም የደም ካንሰር ያለበትን ነው። የሚጀምረው ከአፍንጫ ጓዳ ነው። የአንድ ወገን የፊት ሕመም ወይም መደንዘዝ፣ የታፈነ አፍንጫ ከደም የተቀላቀለ ጥቁር ፈሳሽ ጋር፣ ከዚያ የቆብ እብጠትና መውደቅ፣ የዐይን መግፋት፣ ለሁለት ማየት፣ የእይታ መጥፋት። የላንቃ ጥቁር ነጥብን በባትሪ ማየት ቤት ውስጥ የሚቻል ነገር ነው፤ ባይኖርም ግን ሌላው ምልክት ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰው የዐይን ጠብታ አይጠብቅም፤ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ይሂድ። ሕክምናው ሦስት ነገር አንድ ላይ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ አምፎተሪሲን ቢ፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት፣ ስኳሩን ማስተካከል። አንዱ ቢቀር ሁለቱ አይበቁም።

ወደ ዐይን ውስጥ የሚገባው ፈንገስ ደግሞ ከደም ይመጣል። ለሳምንታት የደም ሥር ቱቦ ተደርጎለት ሆስፒታል የተኛ፣ ከሆድ ቀዶ ሕክምና የተነሣ ወይም ዕፅ በመርፌ የሚወስድ ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እይታው ሲደበዝዝና የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ሲበዙበት ካንዲዳ ሊሆን ይችላል። ዐይኑ ብዙም ላይቀላ፣ ብዙም ላያም ይችላል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ የሚነገረው ዋና ነገር የዐይኑ ነገር ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደተኛ፣ ቱቦው ስንት ቀን እንደቆየና ደሙ ላይ ፈንገስ ተገኝቶ እንደነበር ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ይሂድ።